ሐይቅ ለማየት ታመምኩ

ከቦሌ ቡልቡላ ተነስቶ ቢሾፍቱ መድረስ ምንም ሙያ አይጠይቅም። መኪናውን ማስነሳት፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፈጣን መንገዱ መግባት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው፤ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ሰው ሁሉ ቅዳሜና እሁድ እየሄደ፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ፣ አሳውን በልቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ በሰላም ይመለሳል። እኔም ሄጃለሁ። እኔ ግን ሐይቁን ለማየት መጀመሪያ መታመም ነበረብኝ።

ነገሩ የጀመረው ከባለቤቴ ከራሔል ነው። ከእሷ ጀመረ ስል ጥፋቱ የእሷ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ብዙም ሳትቆዩ ትደርሱበታላችሁ። ራሔል ሲኤምሲ አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች። አንደኛ ክፍል ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ «ቲቸር» ሲባል ይውላል። ቲቸር እርሳሴ ተሰበረ፣ ቲቸር ሽንት ቤት፣ ቲቸር እሱ ምላሱን አወጣብኝ። ከዚያ ታክሲ ተጋፍታ ቤት ስትደርስ «ማሚ» ይጀመራል። ልጆቹ «ማሚ» ብለው ሲደክማቸው እኔ እተካቸውና ካልሲዬ የት እንዳለ ለመጠየቅ «ራሔል» እላለሁ። ካልሲው አብዛኛውን ጊዜ እፊቴ ነው። ኢምፔሪያል አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ እዚያ ደንበኛ የጠየቀኝን መጋጠሚያ ዓይኔን ጨፍኜ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ምን እንደሚነካኝ አላውቅም፣ የገዛ ካልሲዬን አላየውም።

አንድ ቀን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሶፋው ላይ እግሯን ሰብስባ ተቀመጠችና፣ ሳትቆጣ፣ ረጋ ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አንድ ቀን ብቻ፣ ስሜን የሚጠራ ሰው ሳይኖር ውሃ ፊት ለፊት ቁጭ ማለት እፈልጋለሁ። እኔ ያልሠራሁትን ምግብ እየበላሁ።»

ሌላ ምንም አልጨመረችም። የሰው ሚስት ዱባይ ትጠይቃለች፣ ወርቅ ትጠይቃለች። የእኔዋ የጠየቀችው ዝምታና አሳ ነው። ይህችን ማድረግ ካቃተኝ ባል የተባልኩት ለምኑ ነው ብዬ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዳር ካለ አንድ ሎጅ በረንዳው ወደ ውሃው የሚያይ ክፍል ያዝኩ። ልጆቹ እህቷ ጋ እንዲያድሩ ተስማማን። ሳምንቱን ሙሉ ራሔል ሳህን እያጠበች ስታንጎራጉር ከረመች። ስታንጎራጉር ከሰማኋት ቆይቼ ስለነበር እኔም ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እሷ ቀድማ ወርዳ መኪና ውስጥ ገባች። እኔ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ፣ የቤታችንን ቁልፍ ለእትዬ አስካለ ለመስጠት ዞር አልኩ። እትዬ አስካለ እኛ ብሎክ ምድር ቤት የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጃቸው አግብታ ሐዋሳ ነው የምትኖረው። የብሎኩ ሰው ሁሉ ራቅ ብሎ ሲሄድ ቁልፉን የሚያስቀምጠው እሳቸው ጋ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት በራቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል።

ወዴት ነው ሲሉኝ፣ ቢሾፍቱ ደርሰን ነገ እንመለሳለን አልኳቸው። እዚህ ላይ ቁልፉን ሰጥቶ ቻው ብሎ መሄድ ይቻል ነበር። ግን አስተዳደግ የሚባል ነገር አለ። አንዲት ትልቅ ሴት ብቻቸውን በር ላይ ቁጭ ብለው እያዩህ፣ ሻንጣ አንጠልጥለህ ልትዝናና ስትሄድ ዝም ብለህ አታልፍም። «ምነው እርስዎም አብረውን ቢሄዱ» አልኩ።

ይህ ግብዣ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ምሳውን የሚበላ ሰው በር ላይ ለሚያልፈው «እንብላ» እንደሚለው ዓይነት ነው። የሚጋብዘው መጋበዝ አለበት፣ የሚጋበዘው እምቢ ማለት አለበት፤ ሁለቱም ግዴታቸውን ተወጥተው በፍቅር ይለያያሉ። አገሩ ተከባብሮ የኖረው በዚህ ነው።

እትዬ አስካለ ድርሻቸውን በሚገባ ተወጡ። ኧረ ልጆቼ እናንተ ሂዱ ተዝናኑ አሉ። አሁን ተራው የእኔ ነው፤ አንዴ ጋብዞ መተው ደግሞ ከልቡ አልነበረም ያሰኛል። ቦታ እንደሆነ ሞልቷል አልኩ። እኔ አሮጊት ምን ላደርግላችሁ አሉ። ጨዋታው እዚህ ላይ አልቋል፣ ማንም ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል። እኔ ግን ስናገር ማሳመር እወዳለሁ፤ ደንበኛ ሳግባባ የለመደብኝ አመል ነው። «በሞቴ» አልኩ። በሞቴ ብቻውን ደረቀብኝና «አፈር ስሆን» ጨመርኩበት።

እትዬ አስካለ ከበርጩማቸው ተነሱ።

«እንግዲህ ሞትህን ከጠራህ ምን አደርጋለሁ» አሉ። «ነጠላዬን ልያዝ።»

ነጠላ ሊይዙ ገብተው የወጡት ትልቅ ዘንቢል ይዘው ነው። ዳቦ ቆሎ አለ፣ ቋንጣ ፍርፍር አለ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ አለ። በዚያች ቅጽበት ይህ ሁሉ እንዴት እንደተሰናዳ ገረመኝ፤ ግን ከመገረም ይልቅ ወደ መኪናው ዞሮ ራሔልን ማየት ነበር የፈራሁት።

ራሔል ወረደች። እትዬ አስካለን አገላብጣ ሳመቻቸው፣ እንኳን መጡልን አለች፣ የፊቱን ወንበር ለቀቀችላቸውና ከዘንቢሉ ጋር ወደ ኋላ ገባች። ይህን ሁሉ ያደረገችው ፈገግ ብላ ነው። ያገባ ሰው ሁሉ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። በመስተዋቱ ዓይኗን ልፈልግ ብሞክር እሷ በመስኮት ውጭ ውጩን ታያለች፤ ውጭ ያለው ደግሞ ጅምር ፎቅና የአሸዋ ክምር ነው።

እትዬ አስካለ በመንገዱ ሁሉ ደስ ብሏቸዋል። ቡልቡላ ጤፍ ይዘራበት የነበረበትን ጊዜ ነገሩን፤ የቱ ኮንዶሚኒየም በማን ማሳ ላይ እንደቆመ በጣታቸው አሳዩን። የክፍያ ጣቢያውን እንዳለፍን ስልካቸውን አወጡ። ቢሾፍቱ ታናሽ ወንድማቸው ጋሽ ተሾመ ይኖራሉ፤ ከተማው ገብተው ሳይነግሩት ቢመለሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ይቀየማቸዋል። ደወሉለት። ስልክ ላይ እትዬ አስካለ የሚናገሩት ያለ ስልክ ቢናገሩም ቢሾፍቱ በሚሰማበት ድምፅ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ አንገባም፣ ከበር ሰላም ብለነው እንመለሳለን አሉ።

ከበር ሰላም ብሎ የተመለሰ ሰው የምታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ፤ ሄጄ ልተዋወቀው።

የጋሽ ተሾመ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። በማግስቱ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ለዝግጅቱ ተሰብስቦ አንዱ አግዳሚ ይሸከማል፣ አንዱ እንጨት ይፈልጣል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ከበው ተቀምጠዋል። የሽንኩርቱን ብዛት መናገር አልችልም፤ ከሽንኩርቱ ማዶ የተቀመጠችው ሴት አትታይም ነበር። ጋሽ ተሾመ እህታቸውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኛንም ይዘዋት መጡ ብለው እያቀፉ ሳሙን፣ እያቀፉ ወደ ውስጥ አስገቡን። ቤቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር በላይ፣ ሐይቁ በትንሹ ይታያል። ራሔል እሱን ስታይ አየኋት።

ቀጥሎ የሆነውን ስነግራችሁ ትንሽ ደስ እንዳለኝ አልደብቃችሁም። ራሔል እዚያ ሁሉ ሥራ መሃል እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ከበዳትና ሴቶቹን «ላግዛችሁ» አለች። ይህም እንደ እኔው ነው፤ ላግዛችሁ ሲባል፣ ኧረ በጭራሽ፣ አንቺ እንግዳ አይደለሽ፣ አረፍ በዪ መባል አለበት። ሴቶቹ ግን ከሌሊት ጀምሮ የሚልጡ ናቸው። እሰይ የኔ እህት ብለው ቢላ ሰጧት።

እኔን በግ አስያዙኝ። በጉ የት መሄድ እንደሚፈልግ በደንብ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም፤ ስለዚህ ግቢውን አብረን ደጋግመን ዞርነው። ጋሽ ተሾመ እየሳቁ ገመዱን ከእጄ ሲቀበሉኝ ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሆኗል። ከዚያ አግዳሚ ተሸከምኩ፣ ጄሪካን ተሸከምኩ። በየመሃሉ ራሔልን ዞር ብዬ አያለሁ፤ አንገቷን ደፍታ ትከትፋለች፣ በክንዷ እንባዋን ትጠርጋለች። አንዷ፣ ራሔል ቢላውን አቀብዪኝ ትላለች፤ ሌላዋ፣ ራሔል ይኼ ደቀቀ ወይ ትላለች። ምሳ ሰዓት ላይ በእጄ አጉርሼ ልክሳት ብዬ የዘንቢሉን ቋንጣ ፍርፍር ይዤላት ብሄድ፣ ጎርሳ አመሰገነችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ እኛ እንሂድ አልኩ። ጋሽ ተሾመ የት አሉኝ። ክፍል ይዘናል አልኩ። እሳቸው ተቀመጡ። ሰው ክፉ ወሬ ሲሰማ እንደሚቀመጠው ነው የተቀመጡት። እህቴን እዚህ ድረስ አምጥታችሁ፣ የኔ ቤት እያለ ሆቴል ልታድሩ ነው፣ ሰው ምን ይለኛል አሉ። አልጋም ተነጥፎልናል፤ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከእትዬ አስካለ አልጋ ጎን። ይሉኝታ አፌን ዘጋው። እሺ አልኩ። ያቺን እሺ ስል ራሔል ሰምታኛለች፤ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ሄደች። የራሔልን አንዲት ቀን፣ እኔው በአንደበቴ ጀምሬ እኔው በአንደበቴ ጨረስኳት። በራሴ አፈርኩ።

እትዬ አስካለ ክንዴን ይዘው ወደ ውሃ በርሜሉ ወሰዱኝ።

«ግብዣህ የአፍ እንደነበር አውቃለሁ» አሉኝ። «ተሾመ ለክርስትናው ጠርቶኝ ነበር። ጉልበቴ አውቶቡስ አይችልም፣ አልመጣም ብዬዋለሁ። ጠዋት፣ ሰው ካገኘሁ ልላክለት ብዬ ዘንቢሉን አሰናድቼ፣ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ እሱን እያሰብኩ ሳለሁ አንተ መጥተህ ሞትህን ጠራህ። እኔም ያልገባው ሰው መስዬ እሺ አልኩህ።»

እሳቸው በድንኳኑ ጀርባ ወደቆመችው ወደ ራሔል በአገጫቸው ጠቆሙኝ።

«ሚስትህ ታለቅሳለች። ሽንኩርቱ ካለቀ ቆየ።»

ምን ላድርግ አልኳቸው። እትዬ አስካለ ግራ ቀኝ አይተው፣ ሆድህን ያዝ አሉኝ። ለምን ብዬ ሳልጨርስ፣ ያ ስልክ የማያሻው ድምፃቸው ግቢውን ሞላው፤ ኧረ ልጄን ሆዱን ቆረጠው እያሉ ነው።

ሆዴን ያዝኩ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ። ችግሩ በእኛ አገር ሰው ታምሞ ዝም ብሎ አይሄድም፤ መጀመሪያ ይታከማል። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ግንባሬ ላይ አሸችብኝ፣ ጭማቂውንም አጠጣችኝ። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ በጥብጣ መጣች። ፌጦውን ስውጥ ዓይኔ ፊት ብርሃን ተበተነ። አንድ አጎት ደግሞ ነጭ ሽንኩርት ልጠው፣ አኝክ እንጂ አትዋጥ እያሉ እጃቸውን ከአፌ ላይ አላነሱም። ራሔል እየሮጠች መጥታ ፊቴን በእጆቿ መሃል ያዘች፤ የእሷ ድንጋጤ የእውነት ነበር። ጋሽ ተሾመ ኮታቸውን ለበሱ። አጎትየው ለበሱ። ጤና ጣቢያ ሊያደርሱን መኪናችን ውስጥ የተሳፈሩትን ሰዎች እትዬ አስካለ አንድ በአንድ አወረዷቸው። ይኼ ልጅ ሰው ካጀበው ይብስበታል፣ አመሉ ነው፣ ሚስቱ ትበቃዋለች አሉ። በሩን እየዘጉልኝም ነገ ለክርስትናው እንዳትቀሩ አሉኝ።

ራሔል ናት የምትነዳው። መሪውን ጨብጣ፣ ጤና ጣቢያው በየት ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ለምን አትነግረኝም ትላለች። ከግቢው ስንርቅ ነገርኳት። ደህና ነኝ፣ የእትዬ አስካለ ዘዴ ነው፣ ቀጥ ብለሽ ወደ ሎጁ ሂጂ አልኳት። መኪናውን ዳር አስያዘች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ፣ በሽንኩርት እጇ ዓይኗን እየጠረገች፣ ዓይኗ ይበልጥ እየተቃጠለ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተገላበጠ።

ሎጁ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ዘግይታችኋል ብላ ቁልፉን ሰጠችን። በረንዳው እንደተባለው ነው፤ ወንበሮቹ ሐይቁን ፊት ለፊት ያያሉ፣ ወፎች ውሃውን እየነኩ ይነሳሉ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት ዛፎች ጥላ ውሃው ላይ ረዝሟል። ራሔል ጫማዋን አወለቀች። አሳ አዘዘች። አሳው በሎሚና በቃሪያ ተሸልሞ፣ ቆዳው ተንኮሻኩሾ፣ ጭራው ከሳህኑ አልፎ መጣ። እኔ እጄን ሰነዘርኩ፤ ፌጦው፣ ዳማከሴውና ነጭ ሽንኩርቱ በዚያች ሰዓት ሆዴ ውስጥ ስብሰባቸውን ጨርሰው ውሳኔ አሳለፉ። ይቅርታ እንኳ ሳልል ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ።

ዝርዝሩ ይቅርባችሁ። የውሸት በሽታዬ የእውነት ሆነ ማለት ይበቃል። ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ እጄን ወደ ግድግዳው ብዘረጋ ሶፍት የለም። የካርቶን ቱቦዋ ብቻ ተንጠልጥላለች። የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት በመታጠቢያ ቤት ነው፤ ውሃውን ልክፈት ብል የመታጠቢያው እጀታ ከተቀመጥኩበት አይደረስም። ሶፍቱ ሻንጣው ውስጥ አለ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ፤ ራሔል ብል ይመጣልኛል።

ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ፊት ለፊቴ ባለችው ጠባብ መስኮት በኩል በረንዳው ይታያል። ጀርባዋን ነው የማየው። እግሯን የበረንዳው አግዳሚ ላይ ሰቅላ፣ አሳውን በእጇ እየቆረሰች ትበላለች። አትቸኩልም። ስልኳን አላወጣችም፣ ፎቶ አላነሳችም። ትከሻዋ፣ ያ ሁልጊዜ ወደ ጆሮዋ የሚሳበው ትከሻዋ፣ ወርዶ ተዘርግቷል። አንዴ ጉርሻዋን ይዛ ረስታው ውሃውን ስታይ ቆየች።

አፌን መልሼ ዘጋሁት።

እግሬ ደነዘዘ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ እዚያው ሆኜ ግድግዳው ላይ በወደቀው ብርሃን አየኋት፤ ቆንጆ ነበረች። እኔ ለሚስቴ ብዙ ነገር ገዝቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ምሽት ስጦታ የከበደኝ ግን የለም። መጨረሻ ላይ የራሔል ኮቴ መጣ፣ በሩም ተንኳኳ።

«አለህ?»

«አለሁ። ሶፍት አልቋል።»

«ምነው ታዲያ አልጠራኸኝም?»

«ዛሬ ስምሽ አይጠራም ብዬ ነው።»

ከዚያ ሻንጣ ሲከፈት ሰማሁ፤ በሩ በትንሹ ተገፍቶ ሶፍት የያዘ እጅ ገባ። ሶፍቱን ስቀበላት እጇ ወዲያው አልተመለሰም፤ እጄን ጭብጥ አድርጎ ያዘኝ። እንደዚያ ተያይዘን ትንሽ ቆየን።

በማግስቱ ጠዋት ክርስትናው አይቀርብንም ያለችው ራሔል ናት። ሄድን። ግቢው ሁሉ ሆድህ እንዴት አደረ ብሎ ከቦ ጠየቀኝ። ከዚያ ቁርጡ መጣ፣ ጥብሱ መጣ፣ ዶሮው መጣ፤ ለእኔ አጥሚት መጣልኝ። ሥጋ ይበረታበታል ያሉት ማን ይመስላችኋል? እትዬ አስካለ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት እንኳ የለም። በግራ በቀኜ ሰው ሲቆርጥ እኔ አጥሚቴን በማንኪያ እየጠጣሁ፣ ያ ያንገላታኝ በግ እንኳ አመለጠኝ። ራሔል አንዴ ልታጎርሰኝ እጇን ብታነሳ አጎትየው ከመንገድ ተቀብለው ጎረሱት።

ስንመለስ ራሔል መኪናውን ወደ ሎጁ አዞረችው። ክፍሉን ሳንለቅ እትዬ አስካለም ሐይቁን ይዩት አለች። እሳቸውን በረንዳው ላይ አስቀምጣ እሷም ተቀመጠች፤ እኔ ውስጥ ገብቼ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ይታዩኛል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ተከናንበው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ረጅም ጊዜ ሁለቱም ምንም ሳይናገሩ ውሃውን አዩ።

«ራሔል» አሉ እትዬ አስካለ።

እኔ ከአልጋው ላይ ብድግ ልል ነበር፤ የፈለጉት ነገር ካለ እኔ ላምጣላቸው፣ እሷን ይተዉአት ልል።

«አቤት እትዬ።»

«ምንም የለም ልጄ። ቤቴ ውስጥ የምጠራው ሰው ካጣሁ ቆየሁ። እንዲሁ ልጥራሽ ብዬ ነው።»

ራሔል ወንበሯን ጎትታ ጠጋ አለቻቸው።

«ደግመው ይጥሩኝ» አለች።